የሰማያዊው በር ጀርባ

ሟቿ ከመሰላሉ ሥር በጎኗ ተጋድማለች። የሥራ ሽርጧን እንደታጠቀች ነው። ጭንቅላቷ ከአንድ አሮጌ የስፌት መኪና የብረት እግር ጋር ተላትሟል፤ ካሜራዋ አጠገቧ ወድቆ የፊቱ መስታወት ረግፏል። ከመሰላሉ ፊት፣ ወለሉ ላይ፣ ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ ሰፊ ጣውላ ተነጥፏል። በላዩ ነጭ ሰሃን፣ ሁለት ሹካ፣ የታጠፈ ጨርቅ፣ ግማሽ ሎሚና ውኃ የሞላበት ብርጭቆ ተደርድረዋል። ሬሳ ባለበት ክፍል እንዲህ አይባልም እንጂ፣ ድርድሩ ያምር ነበር።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሆዱ ከቀበቶው ቀድሞ በር የሚገባው ሳጅን። «ከላይ ወደ ታች ፎቶ ልታነሳ መሰላል ወጣች፤ አዳለጣት፤ ወደቀች። ነፍስ ይማር። ለምሳ እንድረስ።»

የመርማሪዋ ዓይን ወለሉ ላይ ነው። በመሥሪያ ቤቷ «እትዬ ለምን» በመባል ነው የምትታወቀው። ስሙን ያወጣላት ይኸው ሳጅን ነው፤ ፊት ለፊትም ይጠራታል፣ እሷም አቤት ትላለች። ከጉልበቷ ጋር እየተነጫነጨች ተንበረከከችና ብርጭቆውን በዓይኗ ለካችው።

«ለምን አልፈሰሰም?»

«ምኑ?»

«ውኃው ነዋ። የመሰላሉ እግር ጣውላውን ነክቶታል። ይህቺን የምታህል ሴት እዚህ ስትወድቅ ብርጭቆው እስከ አፉ ሞልቶ ቁጭ ብሏል። ሎሚው እንኳ አልተንከባለለም። አወዳደቋ እንዲህ ጨዋ የሆነው ለምንድን ነው?»

ሳጅኑ ምሳው እንደራቀ ገባውና ተነፈሰ።

ክፍሉ ከአንድ አናጢ ቤት በላይ ያለ፣ ሰፊ መስኮት የተከፈተለት ፎቅ ነው። ሟቿ የምትሠራው ሥራ ለማያውቅ ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ሰሃን፣ ፍራፍሬ፣ መነጽር፣ አበባ ደርድራ ፎቶ ታነሳለች፤ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ለገበያ ታወጣዋለች፤ ማስታወቂያ የሚሠራውም፣ መጽሔት የሚያዘጋጀውም፣ ምግብ ቤት የሚከፍተውም እየከፈለ ይወስዳል። በዚህ ሥራ ከሰሃኑ ይልቅ ሰሃኑ ያረፈበት ነገር ነው ፎቶውን የሚሸጠው። ዳራ ይሉታል። ሌሎቹ ዳራቸውን በውድ ይገዛሉ፤ እሷ ግን ሰው ከጣለው ትለቅም ነበር። ግድግዳው ሥር የተደገፈውን ሀብቷን መርማሪዋ እያገላበጠች አየችው፦ ዝገት የበላው የዳቦ መጋገሪያ ትሪ፣ ከፈረሰ መታጠቢያ ቤት የተረፈ ሰድል፣ በሻይ ተነክሮ የዘመን ቀለም የያዘ አንሶላ፣ የጥቁር ሰሌዳ ስባሪ፣ የጆንያ ጨርቅ። የሙያ ጓደኞቿ «ቃራሚዋ» ይሏት ነበር። ስሙ ለስድብ ወጥቶ ለሙገሳ ቀረ፤ ምክንያቱም የቃራሚዋ ፎቶ ሲቸበቸብ የእነሱ ተቀምጦ ይውል ነበር።

የሀብቶቿ ሁሉ አውራ ሰማያዊው በር ነው። ከአንድ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ በነጻ ያወጣችው በር ሲሆን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ምርጥ ፎቶዎቿ ሁሉ በእሱ ላይ የተነሱ ናቸው። በሁሉም በስተግራ ምንም ያልተቀመጠበት ባዶ ቦታ አለ። መርማሪዋ ፎቶዎቹን አይታ ወደ ወለሉ ዞረች፤ ከመሰላሉ በኩል ሆና ድርድሩን ተመለከተች። ባዶ ቦታው በስተቀኝ ነው። ደግሞም ወለሉ ላይ ያለው ሙሉ በር አይደለም። በአንድ ጠርዙ የማጠፊያው ምልክት አለ፤ ሌላኛው ጠርዝ ግን ገና ትናንት የተጋዘ ይመስል ነጭ እንጨት ያሳያል።

«ዕቃውን ፎቶ አንሳውና ከላዩ አውርደው። ከዚያ ጣውላውን አንሳልኝ» አለችው ሳጅኑን።

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ ሳበው። እንቢ አለው። ደግሞ ሲስበው ፕላስተር ከቁስል እንደሚላቀቅ ቸርር ብሎ ተነሣ። የጣውላው ጀርባ በግራጫ ነገር ተለስኗል፤ ድንጋይ ይመስላል፤ ገና እርጥብ ነው። በልስኑ ውስጥ አንድ የመስታወት ስባሪ ተሰክቶ ያብለጨልጫል። በአንዱ ጠርዝ ላይ ደግሞ አራት ቀጫጭን የጣት ምልክቶች ሰምጠዋል።

ሳጅኑ የተለወሰ መዳፉን እያየ «ቆሻሻ ሥራ ነው» አለ።

«አዎ» አለች መርማሪዋ። ከሟቿ ሽርጥ ኪስ ሁለት ቋጠሮ ያለበት ሲባጎ አገኘች። በተነሣው ጣውላ ላይ ዘረጋችው፤ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ልክ የጣውላው ርዝመት ነው። ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

አዛዡ ሪፖርቱን ሲሰማ ብዙ አልተጨነቀም። «አደጋ ካልሆነ ባሏ ነዋ! ማታ ሲዝትባት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ያዙት።»

ባልየው ሾፌር ነው። ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው፤ ያመጣው እቅፍ አበባ ደረጃው ላይ ተበትኖ ቀርቷል። መርማሪዋ ፊት ሲቀርብ ካቴናውን ከጠረጴዛው ሥር ለመደበቅ ይሞክር ነበር።

«ማታ ምን ብለህ ዛትክባት?»

«በንዴት ያልኩት ነው።»

«እኮ ምን?»

«ከነጣውላሽ አቃጥልሻለሁ።» አንገቱን ደፋ። «ቀንቼ ነው እትዬ። ምን ይደበቃል! ራት ስንበላ ዓይኗ እኔ ላይ አይደለም፤ የጠረጴዛውን እንጨት ነው የምታየው። ሳቋን የምሰማው ከታች፣ ከዚያ አናጢ ቤት ነው። እኔ ጋ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ጠዋት ግን በራሴ አፈርኩ፤ ልታረቃት አበባ ይዤ መጣሁ።»

«ጣውላው ወለል ላይ ለምን ተነጠፈ?»

«እኔ ምኑን አውቄው? ባክግራውንድ ሲሉ ከኋላ የሚቆም ነው የሚመስለኝ።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «እትዬ፣ ልጄ ሚጢጢ… ዛሬ ማታ አክስቷ ልትወስዳት ነው። ‘ለጊዜው ነው’ ይሉኛል። እናቷን ገደለ የተባለ አባት ለጊዜው የሰጠውን ልጅ ማን ይመልስለታል?»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች። የቀራት ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ብቻ ነው፤ አዛዡ መዝገቡን ዛሬውኑ ለዐቃቤ ሕግ እንደሚልክ ነግሯታል።

አናጢው ሽበቱ ከመጋዝ ብናኝ የማይለይ ሰው ነው። መጋዙን አጥፍቶ ወንበር ጠረገላት።

«ጠዋት ምንም አልሰሙም?»

«ማሽኑ ሲሠራ ሰማይ ቢናድም አልሰማ። ደረጃውም በጓሮ ነው፤ ማን እንደወጣ ማን እንደወረደ አላይም።»

«ሟቿን አዩዋት?»

«ጠዋት ወርዳ ጄሶና ኮላ ወሰደች፤ የከሰል ዱቄትም ለመነችኝ። ‘ድንጋይ ልሠራ ነው’ አለችኝ። አንድ ላይ ለውሳ በስፖንጅ ጣውላ ላይ ትለስነዋለች፤ ሲደርቅ ከተራራ የተፈለጠ ነው የሚመስለው። የገዙት ድንጋይ ያብረቀርቃል፤ የሷ ብርሃኑን ይውጠዋል። ለመድረቅ ግን ግማሽ ቀን ይፈልጋል።»

«የትኛው ጣውላ ላይ ነው የለሰነችው?»

አናጢው የጠረገውን ወንበር እንደገና ጠረገው። «ከሰማያዊው በር ጀርባ።»

«የተቆረጠው።»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ትናንት ሲባጎ ይዛ መጣች፤ ‘በዚህ ልክ ክፈልልኝ’ አለችኝ። እጄ እንቢ አለኝ። እንጀራዋ እኮ ነው! ሌላው ግማሽ ያውና፣ ጥጉ ላይ። ‘ለምን?’ አልኳት። ‘ለሰው ነው’ አለችኝ። ለማን ብላት ዝም ብላ ሳቀች።»

«ቅናት ያዘዎት?»

«ቀናሁ» አለ አናጢው፣ ሕመሙን እንደሚናገር ሰው። «በባሏ ቀንቼ አላውቅም፤ ባል ባል ነው። ግን ያንን በር ለሁለት የምታስከፍልለት ሰው ማነው እያልኩ ስገላበጥ ነጋብኝ።»

«ይህን ለፖሊስ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉም የሚጠይቀኝ ትወዳት ነበር ወይ እያለ ነው።»

«ይወዷት ነበር ወይ?»

«እርስዎም ጠየቁኝ» አለና መጋዙን አስነሣው።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ሟቿ ሞላ ያለች፣ ሳቋ ከደረጃ ሥር የሚሰማ ነበረች፤ ታናሽ እህቷ ደግሞ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ስታለቅስ እንኳ ድምፅ የማታሰማ ናት። የአንዷ ሙያ ከሌላዋ የተቀዳ ነው፤ ታናሺቱ ካሜራ መያዝ የተማረችው ከታላቋ ነው። በዚሁ ሳምንት የራሷን የሥራ ክፍል ለመክፈት እየተሰናዳች ነበር። መርማሪዋ ስትገባ ገና ያልደረቀ የግድግዳ ቀለም ሸተታት። ዳራዎቹ ሁሉ አዲስና የተገዙ ናቸው፦ እብነበረድ መስለው የታተሙ ሸራዎች፣ እንጨት መስለው የታተሙ ሸራዎች፣ ፊት የሚያሳይ እውነተኛ እብነበረድም አለ። ከመስኮቱ ሥር፣ በሁለት ዓምዶች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ፣ ጠባብ ረዥም ጠረጴዛ ተገጥሟል።

«እታለም አባትም እናትም ሆና ነው ያሳደገችኝ» አለች ታናሺቱ ዓይኗን እየጠረገች።

«ወደ ሥራ ክፍሏ ለመጨረሻ ጊዜ የሄድሽው መቼ ነው?»

«ሁለት ወር አልፎኛል። ተኳርፈን ነበር፤ አልዋሽም። ሰማያዊውን በር ለአንድ ቀን ብቻ አውሺኝ አልኳት። ‘እሱ ከዚህ ክፍል አይወጣም’ አለችኝ። ለእህቷ! ከሰው ፍርስራሽ የለቀመችውን!»

«ከዚያ ወዲህ አላየሻትም?»

«እዚህ አንዴ መጥታ ነበር። እንኳን ደስ ያለሽ እንኳ ሳትለኝ ይሄን ጠረጴዛ ስትዞረው፣ ስትዳስሰው ቆየች። ትንሽነቱን አይታ እየናቀችኝ ነበር።»

መርማሪዋ ጠረጴዛውን አየችው። «ሙያችሁን አላውቅም፤ አትቀየሚኝ። በፎቶዎቹ ላይ ያ ባዶ ቦታ ለምንድን ነው?»

ታናሺቱ ሐዘኗን ለአፍታ ረሳችው። «ገዢው የሚጽፍበት ነዋ! ስሙን፣ ዋጋውን፣ መልካም ምኞቱን። የሚጻፍበት ቦታ የሌለው ፎቶ ቢያምርም አይሸጥም። እኛ ዕቃ ብቻ አይደለም የምንደረድረው፤ ባዶውንም ነው።»

«ጥበብ ነው እናንተዬ! ውኃ ትሰጪኛለሽ?»

ታናሺቱ ወደ ጓዳ ገባች። ብርጭቆ ይዛ ስትመለስ መርማሪዋ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የታናሺቱን ፎቶዎች እያየች ነበር፤ ሲባጎው ከኪሷ ጫፉ ብቻ ወጥቷል። በሩ ሥር የልጅ ሻንጣ ተከፍቶ ተቀምጧል። የሚጢጢ ቀሚሶች በቀለማቸው ተለይተው፣ ከጥቁሩ ወደ ነጩ፣ ስንዝር ሳይዛነፉ ታጥፈዋል።

«ልጅቷ ዛሬ ነው የምትመጣው?»

«ማን አላት ከእኔ ሌላ?» አለች ታናሺቱ፣ የአንዷን ቀሚስ እጅጌ እያስተካከለች። «አባቷ ወኅኒ ነው። አሁን የእኔ ልጅ ናት።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም በዚያው በታናሺቱ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ባልየው ከነካቴናው ከአዛዡ ጎን ተቀመጠ። ሳጅኑና አናጢው በአንሶላ የተሸፈነ ነገር ተሸክመው ገብተው ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

ሳጅኑ ላቡን እየጠረገ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው» ሲል አጉረመረመ።

መርማሪዋ ከመናገሯ በፊት አንድ ትልቅ ፎቶ ከፖስታ አወጣችና መሐል ላይ ዘረጋችው። ፖሊስ ያነሳው፣ የወለሉ ድርድር ነው።

«ይህ የሟቿ የመጨረሻ ሥራ ነው» አለች። «በዚህ ንግድ ላይ ላለ ባለሙያ አሳየሁት። ፎቶዎቿን ሁሉ ያውቃል። ‘ከሠራችው ሁሉ ይሄ ይበልጣል’ አለኝ።»

ባልየው ፎቶውን አይቶ እንባው መጣ። «እጇ እኮ ወርቅ ነበር።»

«እንደሷ ያለ የለም» አለ አናጢው። «ሎሚዋን እዩዋት፤ አቀማመጧን።»

«ሙያው የማይገባኝ እኔ እንኳ ወደድኩት» አለ አዛዡ። «እንደው አንቺ ከእሷ የተማርሽው…»

«የእሷ አይደለም!»

ታናሺቱ ናት። ድምፅ የማታሰማው ሴት ጮኸች። ሁሉም ዞረው አዩዋት። በሁለት እጇ አፏን ከደነች፤ ግን ቃሉ ወጥቷል።

«ትክክል ነሽ» አለች መርማሪዋ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «የእሷ አይደለም። እኔም እዚያ የደረስኩት በብዙ ድካም ነው፤ አንቺ በአንድ ዓይን ዐወቅሽው። ባሏም አላወቀም፣ አናጢውም አላወቀም። ተቀመጪ። በመጀመሪያ ውኃው ነው። ሰው መሰላል ላይ ሆኖ ቢወድቅ፣ ሥሩ ያለ ሙሉ ብርጭቆ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳይፈስ አይቀርም። ስለዚህ ዕቃው የተደረደረው ከሞተች በኋላ ነው።»

«ታዲያ ባልየው ደርድሮ ይሆናላ» አለ አዛዡ።

«እሱም ጋ እደርሳለሁ ጌታዬ። ሁለተኛው ይሄ ነው።» አንሶላውን ገለጠችው። የበሩ ግማሽ ግራጫ ጀርባውን ለሰዎቹ አዙሮ ቆሟል፤ ልስኑ ደርቋል። «ሟቿ ጠዋት ይህን ለስና እርጥቡን ፊት ወደ ላይ አድርጋ መስኮቱ ሥር ለማድረቅ አስተኛችው። በዚያን ቀን ፎቶ የማንሳት ሐሳብ አልነበራትም፤ ብርሃኑ የሚወድቅበትን ቦታ እርጥብ ጣውላ ይዞታል። ካሜራዋ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሰው መጣ፤ ተጨቃጨቁ፤ ተገፋች፤ ስትወድቅ የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ያዘች፣ ካሜራው አብሯት ወደቀ። የመስታወቱ ስባሪ እርጥቡ ልስን ውስጥ ተሰካ። ይኸው አለ። መስታወቱ ሲረግፍ ድንጋዩ ወደ ላይ ነበር፤ እኛ ስንደርስ ግን ሰማያዊው ወደ ላይ ነው። ማን ገለበጠው? ለምን?»

ሳጅኑ ጠጋ ብሎ ስባሪውን አየ።

«እስቲ ባልየው ነው እንበል። አደጋ ለማስመሰል ምን ያደርጋል? መሰላሉን ያቆማል፤ አለቀ። ጣውላ ወለል ላይ እርጥብ ሆነ ደረቅ ለእሱ ምኑም አይደለም፤ ባክግራውንድ ከኋላ የሚቆም ነው የሚመስለው።»

«እውነት ነው» አለ ባልየው በሹክሹክታ።

«አናጢው ነው እንበል። እሱ ልስኑ እርጥብ መሆኑን ያውቃል፤ ግን ቤቱ ጣውላ ሞልቶታል። ደረቅ ያመጣል እንጂ እርጥብ ፊት መሬት ላይ ደፍቶ ወለሉ ላይ አያጣብቅም። ደግሞም እነዚህን የጣት ምልክቶች እዩ፤ ቀጫጭን ናቸው። የእሱ አንድ ጣት ሁለቱን ይሸፍናል።»

አናጢው እጁን አገላብጦ አየና ከጀርባው ደበቀው።

«ጣውላውን የገለበጠው፣ መስኮት ሥር እርጥብ ዳራ ካለ በዚያ ቀን ፎቶ እንዳልተነሳ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን የሚያውቀው የሙያው ሰው ብቻ ነው። እርጥቡን ደበቀ፤ ሰማያዊውን ወደ ላይ አደረገ፤ መሰላል አቆመ፤ ዕቃ ደረደረ። ነገር ግን ሲደረድር እጁ አልታዘዘውም። ሥራ ላይ ያለች ለማስመሰል ሦስት ዕቃ በዘፈቀደ ጣል ማድረግ ይበቃ ነበር። እሱ ግን ሬሳ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጨርቁን አጠፈ፣ ሹካውን አስተካከለ፣ ለገዢው ጽሑፍ ቦታ ተወ። ሟቿ በዘመኗ ሁሉ በግራ የምትተወውን ባዶ ቦታ፣ እሱ በቀኝ ተወው።» መርማሪዋ ዘወር ብላ ግድግዳውን አየች። የታናሺቱ ፎቶዎች በረድፍ ተሰቅለዋል፤ በሁሉም ባዶ ቦታው በቀኝ ነው። «የማን ሥራ ነው ይሄ፣ ልጄ?»

ታናሺቱ ወደ ግድግዳው ቀና አለች። ያን ጊዜ እንኳ ልትክድ ትችል ነበር። ግን ፎቶው ፊቷ ተዘርግቷል፤ «ይሄ ይበልጣል» የተባለው ፎቶ።

«የእኔ ነው» አለች። «ሰውዬው እውነት እንደዚያ አለ?»

«እንደዚያ አለ።»

«ሕይወቴን ሙሉ የሠራሁትን ሁሉ ‘ከእህቷ ተምራ ነው’ ይሉኝ ነበር። ይሄንንም ለሷ ሊሰጡ!» እንባዋ አሁን እውነተኛ ነው። «ልገድላት አልሄድኩም። ልታረቃት ነው የሄድኩት። ስገባ በሩን ለሁለት አስቆርጣዋለች፤ ጀርባውን በጭቃ ለስናዋለች። ለእኔ ከምታውሰኝ ልታበላሸው መረጠች! ለምን ብላት ሳቀች። ‘ነገ ታውቂዋለሽ’ አለችኝና ሳቀች። ያንን ሳቅ… ሁሉ ነገር ነበራት። ባል አላት፣ ልጅ አላት፣ አናጢው እንኳ የሷ ነው። ገፋኋት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ባልየው ሊነሣ ሲል አዛዡ ትከሻውን ያዘው። ወዲያው ግን ራሱ አዛዡ ጎንበስ ብሎ ካቴናውን ፈታለት።

መርማሪዋ ከኪሷ ሲባጎውን አውጥታ ታናሺቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። «ይህን ከሽርጧ ኪስ አገኘሁት። እዚህ መጥታ ጠረጴዛሽን ስትዞረው ስትዳስሰው የነበረ ጊዜ እየናቀችሽ አልነበረም።» ወደ አናጢውና ወደ ሳጅኑ ዞረች። «አንሡልኝ።»

ሁለቱ ግማሹን በር አነሡና ጠባቡ ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለቱ ዓምዶች መካከል አሳረፉት። ግጥም አለ። ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት እንኳ አልቀረም።

አናጢው «ለሰው ነው ያለችኝ…» ብሎ አልጨረሰውም።

«ክፍልሽን ስትከፍቺ ልትሰጥሽ ነበር» አለች መርማሪዋ። «በአንድ ፊቱ ሰማያዊው በር፣ በሌላው ድንጋይ። ለሷ የቀራት ግማሹ ነው።»

ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ግራጫው ልስን ላይ አርፎ እዚያው ቀረ። እንደተገዙት አያብረቀርቅም፤ እንደታተሙት አይዋሽም። ታናሺቱ ሳታስበው ቀረብ አለች። ዓይኗ የባለሙያ ዓይን ነውና ምን ያህል ያማረ ዳራ እንደሆነ ከሁሉም ሰው በፊት ያየችው እሷ ናት። እጇን ጠርዙ ላይ አሳረፈች፤ አራቱ ጣቶቿ ደርቀው ድንጋይ የሆኑት ምልክቶች ውስጥ ልክክ ብለው ገቡ። ያን ጊዜ ነው ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ያለችው።

ሳጅኑ ቀስ ብሎ ደግፎ አነሣት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ዋጠው።

ባልየው በሩ ሥር ወዳለው ሻንጣ ሄደ። በቀለም የተለዩትን ቀሚሶች አየና አንድ ጊዜ በሁለት እጁ አተራመሳቸው፣ ከዚያ ክዳኑን እንደምንም ዘጋው። ከትምህርት ቤት የመውጫ ሰዓት ስለደረሰ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ልጁን ሊቀበል ወጣ።